ክሮም ስትከፍቱ የማታውቁት ገጽ ድንቅር ካለባችሁ (ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት አንብቡት)

ብራውዘራችሁን ስትከፍቱ ጉግል መምጣት ሲገባው ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት የሰርች ገጽ፣ ዙሪያውን የቁማርና የቦርጭ ማጥፊያ ማስታወቂያ የተለጠፈበት፣ ድንቅር እያለ ካስቸገራችሁ ይሄን አንብቡት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ጥገና ቤት ስትሄዱ የሚሰጣችሁ መልስ ባብዛኛው ያው ነው፣ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ»። ብር ትከፍላላችሁ፣ የልጆች ፎቶና የሰራችሁት ፋይል ላይ ትሰጋላችሁ፣ ከዛ ቤት ገብታችሁ ያንኑ ፕሮግራም ከዛው ፍላሽ መልሳችሁ ስትጭኑት ገጹ ደሞ እንደ አዲስ ቁጭ። አብሽሩ፣ ለዚች ነገር ፎርማት አያስፈልግም። አቦሉ ተጠጥቶ በረካው ሳይደርስ የሚያልቅ ስራ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ ማለቴ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በቀጥታ ሴቲንግ ይገባና ሆምፔጁን ወደ ጉግል ቀይሮ ይወጣል። ይሰራል፣ እስከ ነገ። ምክንያቱም ገጹን ያስቀመጠው ነገር አሁንም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ስላለ ማሽኑ ሲነሳ መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚመልሰውን ሳታወጡ ገጹን መቀየር ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አምጪው ይፈለግ፣ ሴቲንግ መጨረሻ።

አምጪውን ለማግኘት ደሞ ገጹ መቼ እንደሚመጣ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ግማሹን ስራ እሱ ይጨርስላችኋል። ፕላስ ምልክቷን ነክታችሁ አዲስ ታብ ስትከፍቱ ሁሉ የሚመጣ ከሆነ ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ነው፣ ሌላ ቦታ አትልፉ። አዲስ ታብ ደህና ሆኖ ብራውዘሩን መጀመሪያ ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ ወይ የስታርታፕ ሴቲንጉ ነው ወይ ደሞ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት። ማንም ሳይነካው ዊንዶውስ እንደተነሳ ብራውዘሩ ራሱ ተከፍቶ ገጹ ከመጣ ግን ችግሩ ብራውዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዊንዶውሱ ውስጥ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሁለት ሶስት ነገር ንጹህ ሆኖ ሳለ የሚታማ አለ። ሆቴል ወይ ካፌ ዋይፋይ ስትገቡ ስምና ፓስዎርድ የሚጠይቅ ገጽ ቢመጣ ያ የዋይፋዩ መግቢያ ነው። ኔትወርክ ስትቀያይሩ የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤን ገጽ በራሱ ብድግ ቢልም አትደንግጡ፣ ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩንና መግቢያ ገጽ የሚፈልግ መሆኑን ሲፈትሽ አንዳንዴ እንደዛ ያደርጋል። ክሮም ላይ «ኮንቲኒው ዌር ዩ ሌፍት ኦፍ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ ደሞ ትላንት ሳትዘጉት የተዋችሁት ታብ ነው ተመልሶ የሚመጣው፣ ታቡን ዝጉትና ጨርሳችኋል።

እኔ የምሰራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽህፈትና ኮፒ ቤት ነው፣ ፈተና ውጤት ለማየት፣ ፓስፖርት ለመሙላት፣ ዲቪ ለመሙላት ሰው ይመጣል፣ አንዳንዱም የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን አንዲት መምህርት ከኩታበር መጡና «ልጄ፣ እኔ ይሄን ገጽ ማታ እቀይረዋለሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ተመልሶ አገኘዋለሁ፣ ጅን ነው እንዴ የገባበት?» አሉኝ። ኤክስቴንሽኑን አየሁ፣ ባዶ ነው። ስታርታፕ ሴቲንጉ ጉግል ነው የሚለው፣ እሳቸው በትክክል ቀይረውታል። ሾርትከቱን ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ስል አገኘሁት። «የለም እትዬ፣ ጅኑ እዚች መስመር ላይ ነው ያለው» ብዬ አሳየኋቸው። በጣም ሳቁ።

ይቺ የሾርትከት ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቃት ትንሽ ላስረዳ። ዴስክቶፕ ላይ ያለችው የክሮም ምልክት ራሷ ክሮም አይደለችም፣ ክሮም ያለበትን ቦታ የምትጠቁም ወረቀት ነገር ናት። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ሾርትከት የሚለው ታብ ላይ «ታርጌት» የሚል ረዘም ያለ ሳጥን አለ። እዛ ውስጥ በጥቅስ ምልክት ተከፍቶ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ጉግል፣ ክሮም፣ አፕሊኬሽን እያለ ሄዶ ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ላይ ሲደርስ ጥቅሱ ይዘጋል። ሳጥኗ ትንሽ ስለሆነች መጨረሻው አይታይም፣ ውስጡን ክሊክ አድርጉና ኪቦርዱ ላይ «ኤንድ» የሚለውን ተጫኑ። ጥቅሱ ከተዘጋ በኋላ ክፍት ቦታ ተትቶ ኤችቲቲፒ ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካለ ሌባው እሱ ነው፣ ከክፍት ቦታው ጀምሮ አጥፉትና አፕላይ፣ ኦኬ በሉ። በሁለት ሰረዝ የሚጀምር «ፕሮፋይል ዳይሬክተሪ» የሚል ካያችሁ ግን እሱን ተዉት፣ ክሮም ላይ ከአንድ በላይ አካውንት ሲኖር ራሱ ክሮም የሚጽፈው ነው።

ታርጌቱ ጭራሽ ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ላይ ሳይሆን ዶት ባት የሚል ፋይል ወይ ሌላ ፎልደር ላይ የሚጠቁምበትም ጊዜ አለ፣ ምልክቷ የክሮም ሆና ስትከፍቷት ሌላ ብራውዘር የምትከፍት። እንደሱ ከሆነ ከማስተካከል መጣል ይቀላል፣ ሾርትከቷን ዲሊት አድርጉና ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ጉግል፣ ክሮም፣ አፕሊኬሽን ገብታችሁ ከዋናው ክሮም አዲስ ሾርትከት ወደ ዴስክቶፕ ላኩ። በነገራችን ላይ መመርመሪያም ይሆናችኋል፣ ከፎልደሩ ውስጥ ዋናውን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ገጹ ካልመጣ፣ ከዴስክቶፕ ስትከፍቱት ከመጣ፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። አንድ የሚረሳ ነገር፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለው፣ ታች ታስክባር ላይ የተሰካው፣ ስታርት ሜኑ ውስጥ ያለው የየራሳቸው ሾርትከት ናቸው፣ አንዱን ብታጸዱ ሌላው አይጸዳም። ታስክባር ላይ ያለውን ለማየት ምልክቷን ራይት ክሊክ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ ደሞ ጉግል ክሮም የሚለውን እንደገና ራይት ክሊክ፣ ከዛ ፕሮፐርቲስ። ኤጅና ፋየርፎክስንም እንደዛው ፈትሹ፣ አምጪው ባገኘው ብራውዘር ሁሉ ላይ ነው የሚለጥፈው።

ወደ ኤክስቴንሽን ስንመጣ፣ ክሮም ላይ በቀኝ በኩል ከላይ የተቆራረጠ ስዕል መገጣጠሚያ የምትመስል ምልክት አለች፣ እሷን ነክታችሁ ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ በሉ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እዩ፣ «ይሄን እኔ ነኝ የጫንኩት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላስታወሳችሁ ሪሙቭ። ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ የአየር ጸባይ፣ ኩፖን ምናምን የሚሉ ስሞች ላይ በተለይ አትራሩ፣ ደህና ከሆነ በኋላ መልሳችሁ ትጭኑታላችሁ። ማጥፊያውን ብቻ መንካት (ኦፍ ማድረግ) ለጊዜው ለመሞከር ይሆናል እንጂ አይበቃም። እንደውም ሴቲንግ ውስጥ ኦን ስታርታፕ የሚለው ስር ብትገቡ አንዳንዴ ክሮም ራሱ ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል፣ ይሄን ሴቲንግ የሚቆጣጠረው እከሌ የሚባል ኤክስቴንሽን ነው ብሎ ጎኑ ላይ ዲስኤብል የሚል ቁልፍ ያስቀምጣል። ሰው ያን ጽሁፍ ሳያነበው ያልፋል።

ሪሙቭ የሚለው ከሌለ ወይ ማጥፊያው ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ጎኑ ላይ በአድሚኒስትሬተር የተጫነ ነው ካለ፣ ወይ ደሞ ሶስቷን ነጥብ ስትነኩ ከዝርዝሩ ታች «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ከመጣ፣ የቤታችሁ ላፕቶፕ ሆኖ ማለት ነው፣ ነገሩ ጠንከር ያለ ነው፣ ፖሊሲ ተጽፎባችኋል። ፖሊሲ ማለት መስሪያ ቤቶች የሰራተኞቻቸውን ብራውዘር ካንድ ቦታ ለማዘዝ የሚጠቀሙበት ህጋዊ ነገር ነው፣ እነዚህ ደሞ እሱን ይጠቀሙበታል። አድራሻ መጻፊያው ላይ ክሮም፣ ኮሎን፣ ሁለት ስላሽ፣ ፖሊሲ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ኢንተር፣ የታዘዘው ሁሉ ተዘርዝሮ ይመጣል፣ ሆምፔጁም፣ ስታርታፑም፣ በግድ የተጫነው ኤክስቴንሽንም። ለማውጣት ሬጅስትሪ ኤዲተር (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንጎች የተጻፉበትን መዝገብ የሚከፍተው) ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፣ ሎካል ማሽን ስር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ከዛ ክሮም የሚል ፎልደር አለ፣ ከረንት ዩዘር ስርም ተመሳሳዩ ሊኖር ይችላል። ከመንካታችሁ በፊት ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉት፣ ቢበላሽ መመለሻ እንዲኖራችሁ፣ ከዛ ያንን የክሮም ፎልደር ብቻ ዲሊት አድርጉና ማሽኑን ሪስታርት። ሬጅስትሪ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ለዚች ለዚች ብቻ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ እዛ ቤት ውስጥ ያልተባለ ነገር ማጥፋት ዊንዶውሱን ራሱን አላስነሳም ሊያስብል ይችላል። ላፕቶፑ የመስሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ደሞ ጭራሽ አትንኩት፣ ያዘዘው የራሳችሁ አይቲ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዊንዶውሱ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ ግቡና «ኢንስቶልድ ኦን» የሚለውን የቀን አምድ ክሊክ አድርጉት፣ አዲስ የተጫነው ወደ ላይ ይመጣል። ገጹ መምጣት የጀመረበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ አይደል? በዛ ቀን አካባቢ የገባውን ሁሉ እዩ። ብዙ ጊዜ ሶስት አራት ፕሮግራም አንድ ቀን ላይ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ አንዱን እናንተ ናችሁ የጫናችሁት፣ የቀሩት እሱን ተከትለው የገቡ ናቸው። አንኢንስቶል ስታደርጉ የሚመጣውን ጥያቄ አንብቡ፣ አንዳንዱ ተንኮለኛ ነው፣ ደመቅ ያለውን ትልቁን ቁልፍ «አይ ይቆይ» አድርጎ ትንሿን ደብዛዛዋን «አጥፋ» ያደርጋታል።

ብራውዘሩ በራሱ የሚከፈትባችሁ ሰዎች ደሞ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ የሚለውን እዩ፣ ከዛ ታስክ ሸጁለርን (ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ የሚያስነሳቸው ስራዎች የተመዘገቡበትን) ክፈቱ። ግራ በኩል ላይብረሪ የሚለውን ስትነኩ ዝርዝር ይመጣል፣ እያንዳንዱን ስትነኩ ታች «አክሽንስ» ውስጥ ምን እንደሚከፍት ይጽፋል፣ እዛ ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ ካያችሁ አገኛችሁት፣ ዲሊት። የጉግልና የማይክሮሶፍት አፕዴት የሚሉትን ተዉ። ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮክሲ የሚለውንም (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒዩተር በኩል የሚያሳልፍ ነው) ባለፋችሁበት እዩት፣ እናንተ ያላበራችሁት በርቶ ከሆነ አጥፉት። ቤት ውስጥ በዋይፋዩ የሚጠቀም ስልክ ሁሉ ያንኑ ገጽ የሚያሳይ ከሆነ ግን ላፕቶፑ ምንም አላደረገም፣ ራውተሩ ውስጥ ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ የት እንዳለ የሚጠቁመው) ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና ራውተሩን ሪሴት አድርጋችሁ የመግቢያ ፓስዎርዱን ለውጡ።

ከዚህ በኋላ የሚጠርግ ነገር ማስኬድ ጥሩ ነው። አድደብሊው ክሊነር የሚባል የማልዌርባይትስ ነጻ መሳሪያ አለ፣ ትንሽ ነው፣ መጫን አይፈልግም፣ ከፍታችሁ ስካን ትሉታላችሁ። ከራሱ ከማልዌርባይትስ ሳይት ብቻ አውርዱት፣ ማጽጃ ፍለጋ ወጥቶ ሌላ ቆሻሻ ይዞ የሚመለስ ሰው በየቀኑ ነው የማየው። ክሮም ውስጥ የነበረውን «ክሊን አፕ ኮምፒዩተር» የሚለውን አትፈልጉት፣ ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. አንስቶታል።

አሁን ነው ሴቲንግ የሚገባው። ክሮም ላይ ሶስቷ ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ ኦን ስታርታፕ፣ እዛ ያለውን አድራሻ አጥፉና አዲስ ታብ ክፈት የሚለውን ምረጡ። አፒራንስ ውስጥ ያለችውን የሆም በተን አድራሻ እዩ፣ ሰርች ኢንጂን ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን ሰርች ጨርሳችሁ ሰርዙት፣ ዲፎልቱን መቀየር ብቻ ሳይሆን ከዝርዝሩ ማውጣት። ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ከማድረግ ሪሴት ሴቲንግስ የሚለውን መጠቀም ይቻላል፣ እኔ እንደውም እሱን ነው የምመርጠው። ቡክማርክ፣ ሂስትሪ፣ ሴቭ የተደረገ ፓስዎርድ አይነካም፣ ኤክስቴንሽኖቹን ኦፍ ያደርጋቸዋል፣ ኩኪ (ሳይቶች እናንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት) ስለሚያጸዳ ግን ከገባችሁበት አካውንት ያስወጣችኋል፣ ስለዚህ የጂሜልና የፌስቡክ ፓስዎርዳችሁን ሳታውቁት አትንኩት። ፋየርፎክስ ላይ ሄልፕ ውስጥ፣ ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን፣ ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ። ዴስክቶፕ ላይ ኦልድ ፋየርፎክስ ዳታ የሚል ፎልደር ያስቀምጣል፣ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ካያችሁ በኋላ መጣል ትችላላችሁ። ኤጅም ሴቲንጉ ውስጥ ሪሴት አለው።

ሲንክ የሚባለውን እንዳትረሱ። በጂሜላችሁ ክሮም ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ያ ኤክስቴንሽን በዛ ጂሜል በተከፈተ ኮምፒዩተር ሁሉ ይከተላችኋል፣ ቤት አጽድታችሁ ቢሮ ስትገቡ እዛ ይጠብቃችኋል። ሁለቱንም ባንድ ሰሞን አጽዱ። እንደኛ አይነት ኮፒ ቤት የምትሰሩ ደሞ ደንበኛ ጂሜል ልክፈት ሲላችሁ ጌስት ዊንዶው (ሲዘጋ ምንም የማያስቀር የእንግዳ መስኮት) ክፈቱለት፣ ለሱም ለናንተም ደህንነት ነው።

ማስታወቂያው ገጽ ሆኖ ሳይሆን በቀኝ ታች ጥግ ብቅ እያለ «ኮምፒዩተርዎ አምስት ቫይረስ አለበት» ምናምን የሚል ከሆነ እሱ ኖቲፊኬሽን ነው። የሆነ ሳይት ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይበሉ» ሲላችሁ አላው ብላችኋል። ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ገብታችሁ የተፈቀደላቸውን ሳይቶች አውጡ፣ ባንዴ ጸጥ ይላል።

ስልክ ላይ ነገሩ አጭር ነው። የክሮምን ሴቲንግ ገብታችሁ ሆምፔጅ የሚለውን ቀይሩ፣ አንዳንድ ስልክ ከፋብሪካው የራሱ ሆምፔጅ ተሞልቶበት ነው የሚመጣው። ብራውዘር ሳትከፍቱ ማስታወቂያ ከመጣ ግን አፕ ነው ያመጣው፣ በቅርብ የጫናችሁትን፣ በተለይ ከቴሌግራም ቻናል በኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጪ በፋይል የሚጫን አፕ) ያወረዳችሁትንና ሰው በዜንደር የላከላችሁን አውጡ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፕሌይ ፕሮቴክት ስካን አድርጉ።

ከየት ነው የሚመጣው ለምትሉ፣ ነጻ ፕሮግራም ስትጭኑ ቶሎ ቶሎ ኔክስት ኔክስት እያላችሁ ስታልፉ ነው። ከኔክስቶቹ አንዷ ላይ ራይት ቀድሞ የተደረገባት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ሆምፔጄን ቀይር የምትል። ትላልቆቹም ያደርጉት ነበር፣ ጃቫ ሲጫን ለስንት ዘመን የአስክ ቱልባር አብሮ ይቀርብ ነበር። ኢንስቶል ሲደረግ ከስታንዳርድ ይልቅ ከስተም የሚለውን ምረጡ፣ የተደበቀው ሁሉ ይታያል። እኛ ዘንድ በጣም የማየው ደሞ የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ ነው፣ ሰው ያገኘው ሳይት ላይ ገብቶ ዳውንሎድ ከሚሉት ሶስት አረንጓዴ ቁልፎች ትልቁን ይጫናል፣ እሱ ማስታወቂያ ነው። ኧረ አቦ፣ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው እኮ፣ ላንጉጅ ሴቲንግ ገብታችሁ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው፣ ካልተመቻችሁ ኪይማን በነጻ አለ። ክራክና አክቲቬተርስ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነጻ የሚያስከፍቱት) ብነግራችሁም አትሰሙኝም፣ ግን አንቲቫይረስ አጥፋ የሚል ፕሮግራም ለምን አጥፋ እንዳለ አስቡት። ዊንዶውስ አስርና አስራ አንድ ላይ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል፣ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ውስጥ «ፖቴንሻሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ» የሚል አለ፣ አብሩት፣ እንደነዚህ አይነቶቹን ገና በር ላይ ይይዛቸዋል።

ዊንዶውስ ሰባት ያላችሁ (ብዙ ናችሁ አውቃለሁ) ክሮማችሁ 109 ላይ ቆሟል፣ ከዛ በላይ አይሄድም፣ ፋየርፎክስም ለሱ የያዘው 115 ኢኤስአር የሚባለውን ነው። ማጽዳቱ እንደሌላው ነው ግን ቶሎ ቶሎ መፈተሽ ይኖርባችኋል።

ካጸዳችሁ በኋላ የኢሜልና የፌስቡክ ፓስዎርዳችሁን ብትቀይሩ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ኤክስቴንሽን የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። በዛ የውሸት ሰርች በኩል ገብታችሁ ዲቪ ወይ ፓስፖርት ሞልታችሁ ከነበረ ደሞ የሞላችሁበትን አድራሻ ከሂስትሪ ፈልጋችሁ እዩት፣ የዲቪው ትክክለኛ ሳይት የአሜሪካ መንግስት ስለሆነ አድራሻው በዶት ጎቭ ነው የሚያልቀው፣ ሌላ ከሆነ ፎቶና ስማችሁን ለማታውቁት ሰው ነው የሰጣችሁት።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከመጣ መጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ አዲስ ዩዘር ክፈቱና እዛ ሞክሩት፣ እዛ ካልመጣ በአዲሱ ዩዘር ቀጥሉ። እዛም ከመጣ ያኔ ፎርማት ይደረግ፣ ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውንና ቡክማርኩን ኤክስፖርት አድርጋችሁ በኤክስተርናል አውጡ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያሉትን ዶት ኢኤክስኢ ፋይሎች ግን አንዱንም ይዛችሁ አትመለሱ።